ማሽኗ የመሰከረችበት ማር

ሰው ቁጥር የሚያወጣ ዕቃ ፊት ሲቀርብ ጠባዩ ይለወጣል። ጎረቤቱ «ዛሬ ፊትህ ጥሩ አይደለም፤ ትንሽ ዕረፍ» ሲለው «አንተ ራስህ ዕረፍ» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ጢጥ ብላ ሦስት አኃዝ ስታሳየው ጫማውን አውልቆ ይተኛል። ይህን የምለው ከሌላው ተለይቼ አይደለም። አንድ ቀን መንገድ ዳር በተዘረጋ ሚዛን ላይ ወጥቼ «ቀንሰዋል» ተባልኩ። ቀበቶዬ ጨምረሃል እያለ ሆዴን ሲቆነጥጠኝ፣ እኔ ሚዛኑን አምኜ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቀበቶ ምን ያውቃል?

የማወጋችሁ ነገር የደረሰው በካፋ ዞን፣ ቦንጋ ውስጥ ነው። ዘመኑም ሁሉም ነገር የሚለካበት ነበር። ሠራተኛው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ይለካል፣ ቢሮው በቢፒአር ይለካል፣ ዓመቱ በግምገማ ይለካል፣ ግምገማው ራሱ ደግሞ በሌላ ግምገማ ይለካል። በዞኑ ውስጥ ሳይገመገም የቀረ ፍጡር ቢኖር ንብ ብቻ ነበረች።

የእሷም ተራ ደረሰ።

ሐጂ ነስሩ በገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። አባታቸው ከስልጤ አገር ጨርቅ ነጋዴ ሆነው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ሐጂ እዚሁ ተወለዱ፣ እዚሁ አግብተው ወለዱ፤ ካፊኖኖውንም ከብዙ የከተማ ልጅ አጥርተው ይናገራሉ። ሱቃቸው ውስጥ ከሚስማር እስከ ስኳር የማይገኝ ነገር የለም። ከጊዜ በኋላ ውኃ ውኃ ይላቸው ጀመር፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ሲመረመሩ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ተነገራቸው። አንድ ቀልደኛ ደንበኛ፣ «ሐጂ፣ የሚሸጡት ነገር ያዘዎት» ቢላቸው፣ «ሚስማርም እሸጣለሁ፤ እሱን አላህ ይጠብቀኝ» አሉት።

አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ነገሩን ሰምታ የስኳር መለኪያ ማሽን ላከችላቸው። አይታችኋት ይሆናል። ጣት በመርፌ ትወጋላችሁ፤ የወጣችውን የደም ጠብታ በቀጭን ወረቀት መሳይ ነገር ጫፍ ላይ ታስነካላችሁ፤ ማሽኗ ጥቂት አሰብ አድርጋ ቁጥሯን ትናገራለች። ሐጂ የኬሚስትሪ መምህር መሆኔን ስለሚያውቁ አስጠርተውኝ፣ «መምህር፣ ይቺ ነገር ሳትቀምስ በምን ታውቃለች?» አሉኝ። እኔም ያቺን ወረቀት መሳይ ነገር ይዤ፣ ሚስጥሩ ያለው ጫፏ ላይ ነው አልኳቸው። እዚያ ላይ ኢንዛይም የሚባል ነገር ተቀብቷል፤ ኢንዛይሙ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሲያገኝ ሥራ ይጀምራል፤ ከሥራው የምትወጣዋን ጥቂት ኤሌክትሪክ ማሽኗ ትቆጥራለች። ቀጥዬም፣ አሁን አሁን በዓለም ላይ ያሉ ሊቃውንት ይህን ጥበብ ናኖ ወደሚባል ትንሽነት አውርደውታል፤ የራስ ፀጉር አጠገቡ ሲቆም የዋርካ ግንድ ይመስላል፤ ወደፊት ጣት መውጋትም ይቀርና ቆዳ ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር ነገር ይመጣል አልኳቸው።

ሐጂ በጥሞና ሰምተው፣ «ቀንና ሌሊት?» አሉ። «ታዲያ ሰው መቼ ሊበላ ነው?»

ይህ ጥያቄ በየትኛውም የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲነሳ አላየሁም።

ሐጂ ግን ሕመማቸውን በቀላሉ የሚያዩ ሰው አልነበሩም። ስኳሩን ከሻያቸው አባረሩ። ብስኩት ተዉ፤ ቢያንስ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ባሉበት ተዉ። በስኳሩ ምትክ ያስገቡት ማር ነበር። በእኛ አገር እንደምታውቁት «ንጹሕ ማር ስኳር ያለበትን ሰው አይነካም» የሚል እምነት አለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ማር የማይወድ ሰው እንዳልጀመረው ግን እርግጠኛ ነኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ሐጂ፣ ማሩም ይቅርብዎት» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ማርኮ መድኃኒት ነው፤ አንቺ የምትሰጪኝ ክኒን ነው እንጂ ያልለመድኩት» ብለው አሳለፏት።

ማሩን የሚያቀርብላቸው የልጅነት ጓደኛቸው ጋሽ ቆጭቶ ነበር። ጋሽ ቆጭቶ ከአባቱ በወረሳቸው የጫካ ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላል፤ ማሩንም በገበያ ቀን ራሱ ተቀምጦ ይሸጣል። የቦንጋ ሰው ማር ሲገዛ ሻጩን አያምንም፤ አንዱ ክብሪት በማሩ ነክሮ ይለኩሳል፣ አንዱ ጠብታ አሸዋ ላይ ጥሎ ይጠቀለል እንደሆነ ያያል፣ አንዱ ጉንዳን ይመጣበት እንደሆነ ይጠብቃል። የጋሽ ቆጭቶ ማር ላይ ሲደርስ ግን ክብሪቱን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ስሙ እንዲህ ያለ ስም ነበር። ለስኳር ሕመምተኛም «ብላ፤ የኔ ማር ምንም አያደርግህም» ይላል። የሚለው ለማታለል አልነበረም። ያምንበታል።

ሐጂ በየጠዋቱ በዳቦ ማር ይበላሉ፤ ከዚያ ማሽኗን ይጠይቃሉ። ማሽኗ ከፍ ያለ ቁጥር ትናገራለች። በማግስቱም ከፍ ያለ ቁጥር። ሐጂ ዳቦውን ቀነሱ፤ ቁጥሩ አልቀነሰም። እንግዲህ ሐጂ ቁጭ ብለው አሰቡ። ንጹሕ ማር ስኳር አያወጣም። የእኔ ስኳር ወጥቷል። ስለዚህ የበላሁት ማር ንጹሕ አይደለም። ሎጂክ የተማራችሁ ሰዎች ስሕተቱን ፈልጉ፤ አካሄዱ ላይ አታገኙትም።

ሐጂ ይህን መደምደሚያ በሆዳቸው ቢይዙት ኖሮ ወግ ባልሆነ። እሳቸው ግን ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ጨው ሊገዛ የገባ ሰው «ቆጭቶ ማሩ ውስጥ ስኳር ይጨምራል አሉ፤ ማሽን ነው ያወጣበት» የሚል ወሬ ተመርቆለት ይወጣል። ወሬው በባጃጅ ተሳፍሮ ከተማውን ዞረ፤ በሚኒባስ ሺሺንዳ ደረሰ። በሚቀጥለው ገበያ ጋሽ ቆጭቶ ፊት ክብሪት ወጣ።

የማር ነጋዴ ከስሙ ሌላ ምን ንብረት አለው? የሰርግ ወራት እየደረሰ ነበር፤ ለጠጅ ማር የሚፈልግ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ በጋሽ ቆጭቶ ፊት እያለፈ፣ ትናንት ማን እንደሆነ ከማይታወቅ ሻጭ መግዛት ጀመረ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አብረውት ጫካ የሚወጡ ቀፎ ሰቃዮች «የእኛንም ስም አጠፋኸው» ብለው ሰላምታ ነሱት።

ጋሽ ቆጭቶ ወደ ቤቴ የመጣው ያን ሰሞን ነው። ሲናደድ አማርኛው ይሸሸዋል፤ ግማሹን በካፊኖኖ፣ ግማሹን በእጁ ተናገረ።

«መምህር፣ ይሄ ማሽን ጫካ ወጥቶ ያውቃል? ንብ ነድፎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ስለ ማር ማን ጠየቀው?»

እውነቱን ነበር። ማሽኗን ስለ ማር የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷ ስለ ሐጂ ደም ነበር የተናገረችው።

ሐጂንና ጋሽ ቆጭቶን ሱቁ በር ላይ አገናኘኋቸው፤ ባላገናኛቸው ይሻል ነበር። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ዕለት ሐጂ፣ «እርስዎ ግለ ሂስ ቢያደርጉ ይሻልዎታል፤ ይሄ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው» አሉ። ጋሽ ቆጭቶም፣ «እርስዎ ስኳር ሻጭ ነዎት፤ ስኳሩን ከማን ገዛሁት ይላሉ?» ብሎ መለሰ። ይህን ያህል መከባበር ሲመጣ የሽማግሌ ነገር መሆኑን አወቅሁ።

ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ጋሽ ሻዎ ናቸው። እሳቸውም ጫካ ውስጥ ቀፎ አላቸው፤ ማራቸውን ግን አይሸጡም፤ ለዘመድ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የእሳቸውን ማር የሚጠረጥር ሰው የለም። እሑድ ጠዋት በሐጂ ሱቅ ጓሮ ተሰበሰብን። ጋሽ ሻዎ በዚያው ሳምንት ከቀፎ ያስቆረጡትን ማር ከነሰፈፉ በሳህን ይዘው መጡ።

«ከሳሽ ምን ይላል?» አሉ።

«እኔ ምንም አልልም» አሉ ሐጂ። «ማሽኗ ትናገር።»

የሐጂ ሐሳብ ማሩን በውኃ በጥብጦ፣ በደም ምትክ እሱን ለማሽኗ ማቅረብ ነበር። እኔ ይቺ ማሽን ለደም ነው የተሠራችው ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ሻዎ ግን እጃቸውን አንሥተው፣ «መምህር፣ አንተ የባለሙያ ምስክር ነህ፤ ተራህን ጠብቅ» አሉኝ። ጠበቅሁ።

የጋሽ ቆጭቶ ማር በብርጭቆ ተበጠበጠ። ያቺ ወረቀት ጫፏን ነከር አደረገች። ማሽኗ ቁጥር ማውጣት አቅቷት ሁለት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ጻፈች።

«ከልኬ በላይ ነው ማለቷ ነው» ብለው ሐጂ ለጉባኤው ተረጎሙ። «ሰምታችኋል።»

ጋሽ ቆጭቶ ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሽ ሻዎ፣ «ቆይ፤ የኔንም አሳይዋት» አሉ። የእሳቸውም ማር ተበጠበጠ። ማሽኗ ጥቂት አሰብ አደረገችና እነዚያኑ ሁለት ፊደሎች ጻፈች።

ጋሽ ሻዎ ብርጭቆውን ወደ ሐጂ ገፋ አደረጉ።

«እንግዲህ እኔም ስኳር ጨምሬያለሁ» አሉ ጋሽ ሻዎ ዝግ ብለው። «ንቦቼ ከሐጂ ሱቅ በዱቤ ሲያመላልሱ ነበር ማለት ነው።»

«አስታግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ። ያኔ ነው ነገሩን የባሰ የሚያወሳስብ ሐሳብ የመጣላቸው። ሌባን ለመለየት የታወቀ ሌባ አምጥቶ ጎን ለጎን ማቆም ነው አሉ። ከራሳቸው ሱቅ ነጭ ስኳር አስመጡ፤ በሌላ ብርጭቆ እስኪጠፋ ድረስ አሟሙ፤ በማሽኗ ፊት አቀረቡት። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

ማሽኗ ከልኬ በታች ነው አለች።

ሐጂ አላመኑም። ደገሙት። ወረቀቶቹ በገጠሩ እንደ ልብ የማይገኙ፣ ከአዲስ አበባ የሚላኩ ስለሆኑ ሲደግሙት እንኳ እጃቸው እየሳሳ ነበር። እንደገና ከልኬ በታች። በማር ውስጥ ከልክ ያለፈ ስኳር ያየችው ማሽን፣ በስኳር ውስጥ ስኳር አጣች።

በዚያ ሰዓት የሐጂን ፊት ብታዩ! ለዓመታት በሐሰት ተከስሶ የታሰረ ዘመዳቸው ነጻ የወጣ ይመስል ነበር። ወደ ጓዳ ዞረው፣ «ዘይነባ! ሻይ አምጪ! በስኳር!» ብለው ተጣሩ።

«ምን አልክ?» አለ ከጓዳ የመጣ ድምፅ። ሐጂ አልደገሙትም።

ያኔ የባለሙያ ምስክር ተራ ደረሰ። እኔም በካፋ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ኬላ ምሳሌ አድርጌ አመጣሁ። ያቺ ወረቀት ላይ ያለው ኢንዛይም እንደ ኬላ ጠባቂ ነው አልኳቸው፤ የሚያውቀው የአንድ ሰው መልክ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ግሉኮስ ይባላል። ማር ውስጥ ግሉኮስ ብቻውን፣ ፊቱን ሳይሸፍን ይሄዳል፤ ስለዚህ ጠባቂው ገና ሲያየው ይጮኻል። የሱቅ ስኳር ውስጥ ግን ግሉኮስ ከሌላ ጓደኛው ጋር በአንድ ጋቢ ተጠቅልሎ ያልፋል። ጠባቂው ጋቢውን ገልጦ አያይም፤ እለፉ ይላቸዋል። ሆድ ውስጥ ሲደርሱ ግን ጋቢው ይገፈፋል፤ ግሉኮሱም ወጥቶ እንደ ሌላው ደም ውስጥ ይገባል።

«ታዲያ ሻዩ…» አሉ ሐጂ።

«ሻዩ ይቅር፣ ሐጂ።»

«ማሩስ?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከእኔ አፍ ቢሰሙት፣ ከነርሷ እንደሰሙት ሰምተው እንደሚያሳልፉት አውቃለሁ። ስለዚህ ማሽኗን የምታውቀውን ነገር እንጠይቃት አልኩ። ሐጂ ገና ቁርስ አልቀመሱም ነበር። መጀመሪያ ደማቸውን ለኩ። ቀጥሎ ከጋሽ ቆጭቶ ሳይሆን ከጋሽ ሻዎ ሳህን፣ ማንም ከማይጠረጥረው ማር፣ የዘወትር ድርሻቸውን ወሰዱ። የዘወትር ድርሻቸውን ሳይ ማሽኗ ምን ያህል ትዕግሥተኛ እንደነበረች ገባኝ።

ከዚያ ጠበቅን። ሽምግልና ላይ ዝም ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ መብራቱ መጥፋት ተወራ፣ ስለ ቢታ ገነት የቡና ዋጋ ተወራ። ጋሽ ቆጭቶ ብቻ ዓይኑን ከሐጂ ጣት ላይ አልነቀለም። በዚያ ጣት ላይ የተንጠለጠለው ስሙ ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ሐጂ ሌላ ጣታቸውን ወጉ። ቁጥሩ ጠዋት ከነበረው እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ።

«ይሄ የኔ ማር ነው» አሉ ጋሽ ሻዎ። «ሰፈፉ እዚህ አለ፤ እግሩ የተጣበቀ ንብም አለበት። ሐጂ፣ ስኳር የጨመረበት ማነው?»

ሐጂ የተወጋ ጣታቸውን መጠጥ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞሩና፣ «ቆጭቶ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። የበደልኩህ አንተን ብቻ ሳይሆን ንቦችህንም ነው» አሉ። ጋሽ ቆጭቶ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ። ነገሩ ያለቀ መስሎን መመራረቅ ልንጀምር ነበር።

ጋሽ ሻዎ ግን የድሮ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ፈተና ሳይታረም አይለቁም።

«ቆጭቶ፣ አንድ ነገር ቀረ። ለስኳር ሕመምተኛ ምን እያልክ ነበር የምትሸጠው?»

«ብላ፣ አይነካህም እያልኩ።»

«እንግዲያስ ምረጥ። ማሬ ስኳር አያወጣም ካልክ፣ ሐጂ ላይ ያወጣው ሌላ ነገር ጨምረህበት ነው፤ ክሱ ይጸናል። ማሬ ንጹሕ ነው ካልክ ደግሞ ስኳር ያወጣል፤ ለሕመምተኛ አይሆንም። ሁለቱን ባንድ ቀፎ አታስገባም።»

ጋሽ ቆጭቶ መሬት መሬቱን አየ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከደንበኞቹ ስንቶቹ «ለመድኃኒት» ብለው እንደሚገዙት እሱ ያውቃል። ስሙን ሊያስመልስ የመጣ ሰው፣ ስሙን የሚያስመልሰው ማሩን ካማ ብቻ መሆኑን ሰማ። እንዲህ ዓይነት ፍርድ የሚፈረደው እውነተኛ ነገር በሚሸጥ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ የሐሰት ማር የሚሸጥ ሰውማ ምን ገዶት፣ ማሽኗም በብርጭቆ ብታየው ብዙም አትጮኽበትም።

«ማሬ ንጹሕ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስኳር ያለበት ሰው አይብላው።»

«ገበያ ላይ ትላለህ?»

«እላለሁ።»

ሐጂም ስሙን ያጠፉት በአደባባይ ስለሆነ በአደባባይ እንዲያድሱት ተፈረደባቸው። በመካከሉ ባለው ጊዜ እትዬ ዘይነባ የማሩን ዕቃ ከቤት አጠፉት፤ የት እንዳጠፉት ሐጂ እስከ ዛሬ አላወቁም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ጋሽ ቆጭቶ በቦታው ተቀምጧል፤ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ከጎኑ ቆሙ፤ እኔም በምስክርነት ቆምኩ። ሐጂ ለዓመታት ደንበኛ በጠሩበት ድምፅ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በካፊኖኖ እያደረጉ ለፈፉ፦

«ሰው ስማ! የቆጭቶ ማር ንጹሕ ነው! በራሴ አይቼዋለሁ! ሊገድለኝ ነበር!»

ጋሽ ቆጭቶም ከሥር ከሥሩ፣ «ስኳር ያለበት ሰው እንዳይገዛ» እያለ ያስተጋባል።

በሕይወቴ ብዙ ማስታወቂያ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ የሠራ ማስታወቂያ ግን አላየሁም። አትግዛኝ የሚል ሻጭ እንዴት ይዋሻል? ሰርግ ያለው ሰው እየተጋፋ መጣ። ሰላምታ የነሱት ቀፎ ሰቃዮች መጥተው ማር ሲቀዳ ዕቃ ያዙለት። ክብሪት ያወጣ ሰው አልነበረም። በዚያ ግርግር መሐል አንድ የማውቃቸው፣ ስኳር ያለባቸው ሰው እጄን ይዘው ወደ ዳር ጎተቱኝና፣ «መምህር» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ይህን ያህል ንጹሕ ከሆነማ፣ ጥቂት ብትሆን ምንም አያደርግም አይደል?»

ያደርጋል አልኳቸው። አመስግነውኝ ወረፋ ያዙ።

ወዲያው ከሰዉ መሐል አንድ ሰው፣ «ሐጂ፣ አሁንስ ስኳርዎ እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ። ሐጂ ይህንኑ የሚጠብቁ ይመስል ማሽኗን ከኪሳቸው አወጡ። በሰዉ ሁሉ ፊት ጣታቸውን ወጉ፤ ጠብታዋን አስነኩ። ገበያው አንገቱን አሰገገ። ቁጥሩ ወጣ፤ ማሩ ከቤት ከጠፋ ወዲህ ወርዶ ወርዶ፣ ነርሷ እንኳ የምትደሰትበት ቁጥር ሆኖ ነበር።

ሐጂ ማሽኗን ከጭንቅላታቸው በላይ ከፍ አድርገው ለሰዉ አሳዩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ማሽኗ ተሻላት!»